አያ ደርበው ለገና ሲፈተሹ

ከዋጃ ወደ ቆቦ በሚሄደው አውቶቡስ ከኋላዬ ሁለት ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነበር። ረዳቱ የአንደኛውን ዱላ ከጣሪያው ላይ ጭኖታል።

«አያ ደርበው፣ ቀበሌ ለምን ፈለገህ?»

«ለገና ጨዋታ ነዋ። ሽማግሌ ሜዳ ገብቶ ቢሰበር እኛ እንጠየቃለን ብለው ሰውነታችንን ሊፈትሹ።»

«እና ምን አደረጉህ?»

«የስፖርቱ ጓድ መጀመሪያ ዱላህን አስቀምጥ አለኝ።»

«ገናን ማን በባዶ እጁ ይጫወታል?»

«እኔስ ይኸንኑ አይደል ያልኩት። ቀጥሎ በአንድ እግርህ ቁም አለኝ።»

«ቆምክ?»

«ከብት ስጠብቅ ያረጀሁ ሰው፣ በአንድ እግር መቆም ይቸግረኛል? ግን ዱላዬን ተደግፌ ነው የለመድኩት። ሲያንገዳግደኝ የጓዱን ትከሻ ያዝኩ።»

«ከዚያስ?»

«አብረን ወደቅን።»

«ውይ። ተጎዳህ?»

«እኔ ምንም አልሆንኩ። እሱ ግን ወገቡን ያዘው። እስኪያነሱት ድረስ ዱላዬን አንስቼ ተደግፌ በአንድ እግሬ ቆሜ ጠበቅኩት። ሲያየኝ ባሰበት።»

«ታዲያ አለፍክ በለኛ።»

«የት አባቴ። ዘንድሮ አትጫወትም፣ ዳኛ ሁን አለኝ። አምና የታች ሰፈር ልጆች ጉልበቴን በዘፈን ሲሰድቡት ሰምተሃል። መልሱን ሳልሰጥ ልቀር ነው።»

«ዳኝነትም እኮ ክብር ነው።»

«ዳኛ ዱላ አይይዝም። ምን ተደግፌ ልቆም ነው?»

ቆቦ ወረድን። አያ ደርበው ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ ዱላዬ ከላይ እስኪወርድ ትከሻህን ልያዝ።»

እግሮቼን ከፈት አድርጌ መሬቱን ቆንጥጬ ቆምኩ።