የቡርቱካን ወስፋት

በደርግ ዘመን ጉለሌ፣ ቀጨኔ የኖረ ሰው ያን ዳገት አይረሳውም። መንገዱ ጭቃ፣ ቤቶቹም ተደጋግፈው የቆሙ ነበሩ፤ ያም ሆኖ የአንዱ ልጅ የሁሉም ልጅ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ማለዳ ከቦኖ ውሃ ቀድቼ ስመለስ፣ ጎረቤቴ መሠረት ከሸማኔው ከጋሽ ሾዴ ጋር ደጃፋቸው ላይ ቆማ አገኘኋት። መሠረት እዚያው ሰፈር አድጋ፣ የጤና ረዳትነት ተምራ የተመለሰች ወጣት ነበረች። ጋሽ ሾዴ ኮሶ በጣሳ በጥብጠው ይዘዋል። የልጅ ልጃቸው ቡርቱካን ሆዷ ተነፍቶ፣ እግሮቿ ቀጥነው በራፉ ላይ ቁጭ ብላለች።

«ጋሽ ሾዴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህን ለእሷ ሊያጠጡ ነው?»

«ታዲያስ! ትናንት ወስፋት አስመለሳት። ወስፋት እንኳ አብሮን የተፈጠረ ነው፤ ሲበዛ ግን መቀነስ አለበት።»

«አብሮን አልተፈጠረም። እንቁላሉ ከዓይነ ምድር ወደ አፈር፣ ከአፈር ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ አፍ ይገባል። ከዚያ ሆዷ ውስጥ ተፈልፍሎ የምትበላውን ይሻማታል። ኮሶው ደግሞ ለሕፃን አደገኛ ነው።»

«አባቷን በዚሁ ነው ያሳደግኩት!»

መሠረት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ታናሹንስ፣ ጋሽዬ? እናቴ ነግራኛለች።»

ሽማግሌው የያዙትን ጣሳ ቁልቁል አዩ። ታናሹ ልጃቸው ኮሶ ጠጥቶ ሲያስቀምጠው ውሎ ማረፉን ትልልቆቹ ሁሉ እናውቃለን፤ እርሳቸው ፊት ግን ማንም አያነሳውም ነበር።

«እኔ ነኝ እንዴ የገደልኩት?» አሉ።

«እርስዎማ ሊያድኑት ነው የጣሩት። ያኔ ሌላ መድኃኒት በእጅዎ አልነበረም። ዛሬ ግን አለ።»

ጣሳውን ደጅ ደፉት። ቡርቱካንንም በጋቢያቸው ጠቅልለው አቅፈው፣ ከመሠረት ጋር ወደ ጤና ጣቢያ ወረዱ።

ጤና ጣቢያ የሰጧትን ኪኒን በዋጠች በማግስቱ ወስፋቱ ወጣላት። ክረምቱ ሲያልፍ ያቺ ልጅ ከእኩዮቿ ጋር እየተሳሳቀች ዳገቱን ስትሮጥ አየኋት። ያ ሳቅ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ።

መሠረት ግን፣ «መጸዳጃ ካልተቆፈረ ወስፋቱ ተመልሶ ይመጣል» እያለች ሰፈሩን መወትወት አላቆመችም። ሰዉ ሲያንገራግር፣ ጋሽ ሾዴ በእድር ስብሰባ ላይ ተነሡ።

«ወገኖቼ፣ የልጄን መቃብር ስትቆፍሩ አንዳችሁም ደከመኝ አላላችሁም፤ ውለታችሁን አልረሳም። አሁን ደግሞ በሕይወት ላሉት ልጆቻችን መጸዳጃ እንቆፍር። እጃቸውን በሳሙና እናስታጥብ፤ ጎመኑንም በንጹሕ ውሃ እንጠብ። ያኔ የበሉት ለራሳቸው ይሆናል፤ ትምህርቱም ይገባቸዋል።»

በማግስቱ ዶማና አካፋ ያልያዘ አባወራ አልነበረም። የመጀመሪያውን አፈር ያወጡት ጋሽ ሾዴ ነበሩ።