የበረዶ አባት

ና፣ እዚህ እግሬ ሥር ተኛ። ወለሉ ቀዘቀዘህ አይደል? አሁን ነው የወለወሉት፣ ገና አልደረቀም። ያቺን ካርቶን ውስጥ ያለችዋን ድመት ተዋት፣ እሷም እንደኛው ተራ እየጠበቀች ነው። ዛሬስ ሰዉ በዝቷል። ምን ይደረግ፣ ጥሩ የእንስሳት ሐኪም ጋ መቼም ወረፋ አይጠፋም…

እኚህን አጠገባችን ስልክ የሚነካኩትን ሰው ግን አታስቸግራቸው፣ እሺ ደፋሩ? የሰው ባል ናቸው። የማን ብለህ እንዳትጠይቀኝ፤ እስከ ቅድም ድረስ የማውቅ መስሎኝ ነበር…

ይልቅ ስለ ሕመምህ እናውራ። ሰው ጥሎህ ሲወጣ ታላዝናለህ፣ በር ትቧጥጣለህ፣ ያገኘኸውን ጫማ ትበላለህ። ግን ልብ ብለሃል? እኔ ስወጣ ድምፅህም አይሰማ። ገበያ ውዬ ስመጣ ጭራህን ቆላ ቆላ አድርገህ መልሰህ ትተኛለህ። ያ ሰማያዊ ኮት ከመስቀያው ሲነሳ ነው ጎረቤቱን ሁሉ የምትሰበስበው። ምን ላድርግልህ ታዲያ? ባለ ኮቱ ሥራ ወዳድ ናቸው። ማታ ስብሰባ፣ ቅዳሜ ስብሰባ። እንዲህ የሚለፋ ሰው እንዴት እስካሁን ሹመት አላገኘም እያልኩ በመሥሪያ ቤቱ ሳዝን ነው የከረምኩት።

የመጀመሪያው ሐኪም የሚያስተኛ ኪኒን አዘዘልህ። በሥጋ ጠቅልዬ ሳጎርስህ ሥጋውን ውጠህ ኪኒኑን ምንጣፍ ላይ አስቀመጥክልኝ። ሌላዋ ደግሞ ሬዲዮ ክፈቱለት አለች፤ ከዜና አንባቢው ጋር እየተቀባበልክ ማላዘን ጀመርክ። እኔ ሐኪም ፍለጋ ከላይ ታች ስል ማን አዘነልኝ? እሳቸው። "አንድ ጎበዝ ሐኪም አለ፣ በተለይ ብቻውን መሆን ለማይችል ውሻ እጁ መድኃኒት ነው" አሉኝ። አይገርምህም? አንተን አንድ ቀን ለክትባት ይዘውህ ወጥተው አያውቁም፤ ሐኪሙን ግን ከነጠባዩ ያውቁታል። አዋቂ ባል ማግባት ጥቅሙ ይሄ ነው…

ዛሬም ቢሆን በር ላይ አውርደውን ሊሄዱ ነበር፤ ስብሰባ አለባቸዋ። ሞተሩን እንኳ አላጠፉም። አንተ ነህ ወዲያው ማላዘን ጀምረህ ወደ ውስጥ ያስገባሃቸው። ምን ዓይነት የተባረከ ሕመም ነው ያለብህ?

ደግሞ እዚህ ቤት ልማዳቸው ደስ ይላል። ሰውን በስሙ አይጠሩም፤ በውሻው ነው የሚጠሩት። ካርድ የምታወጣዋ ሴት አንተን አይታ "የደፋሩ እናት፣ ይግቡ" አለችኝ። ኮራሁ። ከዚያ ቀና አለችና፣ "ውይ፣ የበረዶ አባት፣ እንኳን ደህና መጡ" አለች። የማን አባት ይሆን ብዬ ወደ ኋላ ዞርኩ። ግድግዳ ብቻ ነው ያለው። ዞር ብዬ ሳይ አንድ የማውቃቸው ሰው ለሰላምታ ያነሱት እጅ አየር ላይ ቀርቷል…

ሴትየዋ ምን አጠፋች? "በረዶ ዳነች አይደል?" አለቻቸው። "ሐኪሙ ማታ ማታ ሰው አጠገቧ ይቀመጥ ሲሉ አንድም ቀን አላጓደሉም። ስንት ሰው ነው ለውሻ እንዲህ የሚሆነው?" እውነቷን ነው። ስንት ሰው ነው?

እኔ ሞኟ ደግሞ ከኮቱ ላይ ነጭ ፀጉር ስለቅም ሽበት እየመሰለኝ፣ ሥራው አስረጃቸው እያልኩ ሆዴ ሲባባ ከረመ። አንተ ግን በአፍንጫህ ቀድመኸኛል። ሱሪያቸውን እያሸተትክ ስትነጫነጭ "ምን ሆኖ ነው ይሄ ውሻ?" ይሉኝ ነበር። ምን ሆኖ ነው እንዴ…

አልዋሽህም፣ አንጀቴ ተቃጥሏል። ግን በሽተኛ የሚያስታምም ሰው ይቆጡታል? ርኅራኄ እኮ ነው። አባት ያላት ውሻ መቼም እናት አታጣም፤ እናትየዋም ብትሆን ቤቱ ጭር ሲልባት ጊዜ ምን ታድርግ? ለውሻዋ የመጣ ሰው ለሷም መድኃኒት ከሆነ እሰየው ነው። አንዳንዱ ሰው ደግነቱ ከቤቱ ተርፎ ይፈሳል፤ የእኚህ ግን ቤታቸውን ዘሎ ነው የሚፈሰው። ይሄም አንድ ተሰጥኦ ነው።

ተው፣ ስልካቸውን አታሽትት። ባትሪው ካለቀ ቆይቷል፤ እንዲያው ለጣታቸው ሥራ ቢሆናቸው ብለው ነው…

ሰማህ? ተጠራን። ተነሳ የኔ ጌታ። እሳቸው እዚሁ ይቀመጡ፤ የተጠራችው የደፋሩ እናት ናት፣ አባት ብሎ የጠራ የለም።

እግዜር ይማርህ ልጄ። እኔን ዛሬ እዚህ ወንበር ላይ እንደማረኝ አንተንም ይማርህ፤ የሄደውን ሁሉ በሰላም ሸኝተህ እንቅልፍህን የምትተኛ ያድርግህ። ለበረዶም ጤናዋን ያብዛላት፣ ዕድሜዋን ያርዝምላት። አባቷንም ከአጠገቧ አይለይባት… ዛሬ ማታም፣ ነገም፣ ዕድሜዋን ሙሉ እዚያው እቤቷ ያክርምላት።