ችኩል ያልሆነው አትክልተኛ

ቅዳሜ ይሁን እሑድ፣ አትክልተኛው ፍጹም አሁን እርግጠኛ አይደለም፤ ከተባለውም አንዳንዱን አዛብቶ ያስታውስ ይሆናል። የማይጠራጠረው አንድ ነገር ነው፤ ሲያትል፣ ሬኒየር ቫሊ ሰፈር፣ እትዬ አበዛሽ ቤት፣ በጓሮ በኩል ባለችው የመስታወት ክፍል ተንበርክኮ የጎደሬውን አፈር በጣቱ እየፈተሸ ነበር። ልጃቸውን ሰምሃልን ከወደደ ሁለት ዓመት አልፎታል። እትዬ አበዛሽ ሳሎን ከጎረቤታቸው ከጸጋ ጋር ተቀምጠዋል፤ ድምፃቸው ግን አጠገባቸው ላለች ሴት ከሚበቃው በላይ ከፍ ብሏል።

«ዝናቡ ዛሬስ ተወን፣ አይደል ጸጋዬ? ይቺን የሽፈራው ቅጠል ቅመሻት እስኪ። በሲያትል ብርድ ሽፈራው በቀለልኝ ብል ማን ያምነኛል? ይኼ ሁሉ የአንድ ሰው እጅ ነው... ስሙን ተይው። ተክል መምረጥ ደግሞ ሲያውቅበት! ስኳር ድንቹ ሐረጉን ቆርጠሽ ብትጥዪው ይበቅላል። ጎደሬው ከውሃ ሌላ ምንም አይልሽም። ጠጅ ሳሩማ ረስተሽው ብትከርሚም አይቀየም። እንዲህ ምንም የማይጠይቅ ነገር ነው የሚወደው። እኔም ልጅ ሳሳድግ ይኼን ባውቅ ኖሮ... እንጃ።

ጨዋነቱንስ ብትዪ! ውሃ ከማጠጣቱ በፊት ጣቱን አፈሩ ውስጥ ይሰዳል፤ ያስባል፤ በማግስቱ መጥቶ እንደገና ይሰዳል። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ በር ሲገባ ሲወጣ፣ አንድ ቀን እንኳ ሽማግሌ አስከትሎ አላስቸገረኝም። የዛሬ ልጅ እንዲህ ለሰው ወንበር ያስባል?

አንዳንዱ ደግሞ አለልሽ፣ ዓይን አውጣ! ያ ዴ ሞይን ከተማ ያለው፣ ኤርፖርት የሚሠራው... ሰምሃልን ሁለቴ ቢያያት ነው። ኮል አድርጎ ‹እሑድ ሽማግሌ ብልክ ይመችዎታል?› አይለኝም? ሶ ምን ልበል? ኦኬ አልኩት። ልጄ እንደ ጠጅ ሳር ተረስታ ትክረም እንዴ?

የኛው ሰው ግን ይባረክ፤ እጁ አይንጠፍ። ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ሰጥቶት፣ የሰምሃል ሰርግ ዕለት፣ ሙሽራው ኮቱ ላይ የሚሰካውን ቅጠል በገዛ እጁ ቀንጥሶ ለማምጣት ያብቃው! አሜን በዪ እንጂ።»

ከዴ ሞይን ቀጠሮ የያዘ ሽማግሌ እንዳልነበረ ፍጹም ኋላ ከሰምሃል ከራሷ አፍ አረጋግጧል። ያረጋገጠው ግን የራሱን ሽማግሌዎች እትዬ አበዛሽ በር ላይ ካቆመ በኋላ ነው።