ሐጂ ሙሄዲን ለቦዩ የቆሙ ዕለት

ዛሂራ ረክሻ፣ ባጃጅ ማለት ነው፣ ስታገኝ ይገለበጣል ብላ ትፈራለች፤ ስታጣ ደግሞ ፀሐዩ ይደፋኛል ትላለች። በዚያ ቀን ከሐጅ ዩሱፍ ገበያ አንዱን አግኝታ ከልጇ ከፋሪሃ ጋር ተሳፍራ ነበር። ረክሻው ሊነሣ ሲል ሐጂ ሙሄዲን ዱላቸውን አስቀድመው ገቡና አጠገባቸው ተቀመጡ።

ሐጂ ከወሎ ወደ ካርቱም በወጣትነት መጥተው እዚያው የሸበቱ ሰው ናቸው። ለጅና በሚሉት የሰፈሩ ኮሚቴ ውስጥ የሐበሻው ሁሉ ድምፅ በእሳቸው አፍ ነው። ያን ሰሞን ደግሞ ያ ድምፅ ውድ ሆኖ ነበር። የከተማው ምክር ቤት ለሰፈሩ አንድ ሥራ እሠራለሁ፣ መርጣችሁ ንገሩኝ ብሎ ልኳል። ገሚሱ ኮሚቴ የዝናብ ውሃ መውረጃ ቦይ ይቆፈር አለ። ገሚሱ በመንገዱ መግቢያ ላይ የሰፈሩ ስም የተጻፈበት ትልቅ የብረት በር ይቁም አለ። እኩል ለእኩል ስለተከፈሉ ነገሩ የሐጂን ቃል ይጠብቃል። ሐጂ ደግሞ የበሩ ወገን ነበሩ።

ዛሂራ የምትኖረው በመንገዱ ታችኛ ጫፍ ነው። ባለፈው ኸሪፍ፣ በክረምቱ ዝናብ ማለት ነው፣ ጎርፉ የጭቃ ግድግዳዋን አንዱን ጎን ይዞባት ሄዷል። ዘንድሮ የቀረው እላያችን ላይ ይወድቃል ብላ ቆርጣለች። ጎረቤቶቿ ለእሷ ለቅሶ ተቀምጠው ሻይ ሲያንሳቸው ሁሉ ታይቷታል።

ሰላምታው እንዳለቀ ስለ ቦዩ ለመነቻቸው። ሐጂም ረጋ ብለው አስረዷት። ውሃ እንግዳ ነው፤ ይመጣል፣ ይሄዳል። በር ግን ስም ነው። በር የሌለው ሰፈር የት እንደሚጀምር አይታወቅም፤ ለሠርግ የተጠራ ሰው ሳያውቅ ሌላ ሰፈር ገብቶ በልቶ ይሄዳል።

«ማን እንዲህ ሆነ?» አለች ፋሪሃ።

«የእኔ አማች ነዋ። በማያውቀው ሰው ሠርግ ሁለት ጊዜ በልቶ፣ ሙሽሮቹን መርቆ ነው የተነሣው።»

ፋሪሃ እዚያው ካርቱም ያደገችና የተማረች ልጅ ናት። አማርኛዋ በዐረብኛ የተቀየጠ ነው፤ አክብሮቷ ግን የወሎ ነው። «ሐጂ፣» አለች፣ «ወላሂ አንድ ነገር ልበልዎ። ትምህርት ቤት ስንከራከር ኡስታዛችን የምንጠላውን ወገን ነበር የሚሰጠን። ጁምዓ ስብሰባው ላይ እርስዎ ለቦዩ ይሟገቱ፣ እኔ ለበሩ ልሟገት። ከዚያ ድምፅዎን እንደ ልብዎ ይስጡ።»

«የማላምንበትን ነገር?»

«የማይችሉ ከሆነ ይቅር።»

ለወሎ ሽማግሌ ሙግት አትችልም ማለት ጢምህን ላጭ ከማለት ይብሳል። ሐጂ በወጣትነታቸው የጎረቤታቸውን በሬ ማሳ በላ ከሚል ክስ ነፃ ያወጡ ናቸው፤ ያውም በሬው ማሳውን ሲበላ ቆመው አይተው።

«የማልችለው ሙግት አልተፈጠረም፣ ኢንሻአላህ ጁምዓ ታያለሽ» አሉና ወረዱ። ዛሂራ የልጇን ጭን ቆነጠጠች። በሩን የሚያወድስ ሌላ ሰው ጠፍቶ ነው ወይ ስትል ፋሪሃ ሳቀችባት።

ጁምዓ ከዐስር ሶላት በኋላ ሰፈሩ ተሰበሰበ። ሰብሳቢው ኡስታዝ ኢክሪማ የሁለቱን ስምምነት ሲሰማ ተደስቶ ፈቀደ። ፋሪሃ ቀድማ ተነሣች። በሩን እንዲህ አድርጋ አሳመረችው፦ ቀለሙን፣ ከላይ የሚበራውን መብራት፣ ከሥሩ የሚያልፈውን ሙሽራ። ዛሂራ ራሷ ለአፍታ በዚያ በር ቀና ብላ ስታልፍ ታያት። ወዲያው ግድግዳዋ ትዝ አላት። የወለድኳት ልጅ ቤቴን አፈረሰችው አለች በሆዷ።

ሐጂ ዱላቸውን ተክለው ተነሡ። መጀመሪያ እያሳቁ ነበር። ጫማውን በእጁ ይዞ በጭቃ የሚገባ እንግዳ የበሩን ስም ለማንበብ ቀና ቢል ምን እንደሚደርስበት በዱላቸው እየተንገዳገዱ አሳዩ። ሰው ሲስቅላቸው ሙቀቱ ያዛቸውና ወደፊት ቀጠሉ።

«ታች ያለው ውሃ የታች ሰው ነው ትሉኝ ይሆናል። እዚያ የቆመው ውሃ ግን ትንኝ ይፈለፍላል። ትንኝ ዳገት አይከብደውም፣ በር አያንኳኳም። ባለፈው ኸሪፍ ወባ የጣለው ማንን ነው? የዛሂራን ልጅ ነው? አይደለም። የእኔን የልጅ ልጅ…»

እዚህ ላይ ቆሙ። ይህን ከመናገራቸው በፊት አስበውት አያውቁም ነበር። የልጅ ልጃቸው ከውሰር በዚያ ክረምት ስትንቀጠቀጥ ሌሊቱን ያደሩት በአጠገቧ ነው፤ ሕመሙን ግን ከሰማይ የወረደ እንጂ ከመንገዱ ጫፍ የመጣ አላደረጉትም። ሰው ለራሱ ወገን ሲናገር የሚያውቀውን ይደግማል፤ ለተቃራኒው ሲናገር ግን የማያውቀውን ለመፈለግ ይገደዳል። ሐጂ ፈልገው የራሳቸውን ቤት አገኙ።

በሩን ለመበየድ ተስፋ ያደረገው በያጁ ዛኪር ከተቀመጠበት ተነሣ። «ሐጂ፣ ተረቱ እንዴ?»

«ተረታሁ» አሉ ሐጂ። «የረታኝ ግን ሙሄዲን ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ይከብደኝ ነበር። ድምፃችን ለቦዩ ነው። ያላ፣ ጻፉ።»

ቦዩ ከዝናቡ በፊት ተቆፍሮ በድንጋይ ተገነባ። የቦዩን መክደኛ ብረት የበየደው ዛኪር ስለሆነ እሱም አልተከፋም። ጥቅሙን ለማየት ሩቅ መሄድ አላስፈለገም። የውሃ ጋሪው አህያ ጭቃ ሳይውጠው እስከ ታች ደረሰ፤ ልጆች ከትምህርት ቤት አልቀሩም፤ በዚያ ክረምት ከሐጂ ቤት ወባ አልገባም። ከዚህም የበለጠ ትርፍ አለ፤ ሰፈሩ ሲከራከር አንዱ የሌላውን ቃል ሳይናገርለት የራሱን እንዳያነሣ ልማድ ሆነ። ይህን ልማድ በየቤታችን ብናስገባው ለስንት ጠብ መድኃኒት በሆነ።

የዚያ ክረምት የመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ የጣለው ከቀትር በኋላ ነው። ዛሂራ ዱቄቱን፣ ልብሱንና የመኖሪያ ወረቀቷን አልጋው ላይ ከመረች፤ እሷም ወጥታ እግሯን ሰበሰበች። ውጭ ውሃው እየተንደረደረ ሲያልፍ ትሰማለች። ዝናቡ አባርቶ ሐጂ በበሩ ብቅ ሲሉ እዚያው ነበረች።

«ምን ሆነሽ ነው አልጋ ላይ?»

«ውሃውን እየጠበቅኩ ነው፣ ሐጂ።»

«አልፏል እኮ። ውረጂ።»

ዛሂራ አንድ እግሯን አወረደች። መሬቱ ደረቅ ነው። ሁለተኛውን ግን፣ ለማንኛውም ብላ፣ ትንሽ አቆየችው።