ጆሮዋን ማን እንደመታት

ወደ ኤርፖርት በሚሄደው ባቡር ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት እናት አጠገባቸው የተቀመጠችውን ልጅ የተጨማደደ ጆሮ ሲያዩ ቆዩና በአማርኛ ጠየቋት።

«ባልሽ ነው እንዲህ ያደረገሽ?»

«አይ እማማ፣ ካናዳዎች ናቸው።»

«ምን አድርገሻቸው?»

«ራግቢ ነው፤ እየተጋፉ የሚጫወቱት ኳስ። ለአሜሪካ ነበር የምጫወተው፣ ካፕቴን ነበርኩ። አሁን አቁሜያለሁ።»

«ሐበሻ ሆነሽ የነዚህ ሁሉ ፈረንጆች አለቃ?»

«አዎ።»

«አፍንጫሽስ?»

«እሱም ካናዳዎች ናቸው፤ በመጨረሻው ጨዋታዬ።»

«እና ዝም አልሻቸው?»

«አሸነፍናቸው። አፍንጫዬ እየደማ ዋንጫውን ያነሳሁት እኔ ነኝ።»

«እኔ እኮ ልጸልይልሽ ነበር። ይሄማ ምስክርነት ነው። እሁድ ቸርች መጥተሽ ትናገሪያለሽ፤ እኔ ፒክ አፕ አደርግሻለሁ።»

ከኋላቸው ጎብጬ የነበርኩት እኔም፣ ሐበሻ ነኝና፣ ቀና ብዬ ተቀመጥኩ።