የተያዘ ቦታ

ከፒያሳ ውይይት ታክሲ ተሳፍሬያለሁ፤ ፊት ለፊቴ ዓይኑ የቀላ ወጣትና በዕድሜ የገፉ እናት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

“እንቅልፍ አልተኛህም እንዴ ልጄ?” አሉት።

“ሥራ ነው እማማ። የመሥሪያ ቤታችን ኮምፒውተር እየቆመ አስቸገረን።”

“ምን ሆኖ?”

“ከቅርንጫፎች በስልክ መስመር መልእክት ይቀበላል። መስመሩ ተቆርጦ ግማሹ ሲቀር፣ ቀሪው ይመጣል ብሎ ቦታ ይዞ ይጠብቃል። አይመጣም። የተያዘው ቦታ ሲጠራቀም ሆዱ ይሞላና ቀጥ ይላል።”

“ታዲያ ምን አደረግህለት?”

“ትእዛዙን አስተካከልኩት። ጠብቀህ ጠብቀህ ካልመጣ ቀርቷል፣ ቦታውን ልቀቅ አልኩት።”

“እሺ አለህ?”

“እሺ አለ። አሁን ደህና ይሠራል።”

እናትየው ወደ ወጣቱ ዞር አሉ።

“እኔም ቤት አንድ አልጋ አለ። ልጄን ለጥያቄ ነው ብለው ከወሰዱት ጀምሮ አንጥፌ እጠብቃለሁ። እንግዳ ሲመጣ እንኳ መሬት ነው የማስተኛው።”

“መቼ ነው የወሰዱት?”

“አንተ ያኔ ሕፃን ነበርክ።”

ወጣቱ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ጠይቀው አያውቁም?”

“ጠየቅሁ እንጂ። አለም የለምም ሳይሉኝ እርሜን እንዴት ላውጣ?”

“አይ እማማ።”

“ማሽንህ ታድሏል ልጄ። ቀርቷል ብሎ የሚነግረው ሰው አገኘ።”

አፍንጮ በር ስንደርስ እናትየው “ወራጅ አለ” ብለው ተነሡ።

ቀና ብዬ ሳላያቸው ጉልበቴን ሰብስቤ አሳለፍኳቸው።