የሩሐማ ሦስተኛ ደረጃ

ግንቦት ሃያ ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በወልዲያ ከተማ በአንድ ሙአለ ሕፃናት ግቢ፣ ልጆቹ ሁሉ ወደየቤታቸው ከሄዱ በኋላ፣ ርዕሰ መምህርቷ ወይዘሮ ትብለጥና ልጆቹን እንቅስቃሴ የሚያሠራው ወጣቱ መምህር አራጋው አሮጌ የመኪና ጎማዎች በተደራረቡበት ሜዳ ላይ ቆመው ነበር።

አራጋው፦ ሦስት ሳምንት ብቻ፣ እትዬ። ከምረቃው በኋላ ጎማዎቹን እኔው ራሴ ተሸክሜ አወጣቸዋለሁ።

ትብለጥ፦ ባለፈውም ሦስት ሳምንት ብለኸኝ ነበር። ያንተ ሳምንት ስንት ቀን ነው?

አራጋው፦ ሁለቱን ለመዝሙር ልምምድ ወሰዱብኝ እኮ።

ትብለጥ፦ ወላጅ መዝሙሩን ይሰማል። ልጁ ጎማ ላይ ሲዘል ግን የሚታየው አቧራው ነው። ትናንት አንዱ አባት የልጁን ካልሲ በፌስታል ይዞልኝ መጣ።

አራጋው፦ ካልሲ ይታጠባል።

ትብለጥ፦ ካልሲውንስ ይጠብ፤ «ደብተሩ ባዶ ነው» ሲለኝ ምን ልበለው?

አራጋው፦ ልጅዎ መስከረም ላይ በአንድ እግሩ መቆም አይችልም ነበር፤ አሁን ስምንት እስኪቆጠር ይቆማል ይበሉት። ኳስ መቅለብ ያልለመደ እጅ እርሳስ ሲይዝም ቶሎ ይደክመዋል ይበሉት።

ትብለጥ፦ አንተስ ለምን አትነግረውም?

አራጋው፦ እኔ ወላጅ ፊት ስቆም አፌ ይተሳሰራል።

ትብለጥ፦ አውቃለሁ። በስብሰባው ቀን ስምህን ብቻ ተናግረህ ተቀመጥክ።

አራጋው፦ እሱንም የሰማኝ የለም።

ትብለጥ፦ አታስቀኝ እባክህ። ሰኞ አናጺዎቹ ይመጣሉ፤ መድረኩ እዚህ ነው የሚሠራው። ግማሽ ሰዓትህን አልከለከልኩህም። በሰልፍ መራመድ አለማምዳቸው።

አራጋው፦ ሰባት ዓመት ያልሞላውን ልጅ ግማሽ ሰዓት ሙሉ በሰልፍ?

ትብለጥ፦ ተመራቂ ናቸው።

አራጋው፦ ሩሐማስ?

ትብለጥ፦ እሷንም ላነሣልህ ነበር። መድረኩ ሦስት ደረጃ አለው፤ ልጅቷ ደግሞ ደረጃ መውጣት ይቸግራታል።

አራጋው፦ ለዚሁ ብዬ እኮ ነው ጎማዎቹን እንደ ደረጃ የደራረብኳቸው። መስከረም ላይ በእጇና በጉልበቷ ነበር የምትወጣው። ጥር ላይ እጄን ይዛ፣ በየደረጃው ሁለቱን እግሯን እያገናኘች። አሁን እጄን ለቅቃለች። አንድ እግር፣ ከዚያ ሌላው።

ትብለጥ፦ አምና በምረቃው ያ ልጅ ከመድረኩ ደረጃ በግንባሩ ሲደፋ ከተማው ሁሉ በስልኩ አየው። እናቱ ከዚያ ወዲህ በዚህ በር አላለፈችም።

አራጋው፦ ጋውኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ያለበስነው የዚያኑ ቀን ነው። ጫፉን ረገጠና ወደቀ። ጥፋቱ የኛ ነበር።

ትብለጥ፦ የማንም ይሁን፤ የሚወራው መውደቁ ነው። ሩሐማ ከመድረኩ ሥር ቆማ ለእንግዶች አበባ ትሰጣለች። ጋውኗንም ትለብሳለች፣ ፎቶም ትነሣለች።

አራጋው፦ መድረኩ ሲቆም እዚያው ላለማምዳት።

ትብለጥ፦ የሚጨርሱት በዋዜማው ነው።

አራጋው፦ በየቀኑ «ቲቸር፣ ስንት ቀረኝ?» ትለኛለች። ዛሬም ስትወጣ ጠይቃኛለች።

ትብለጥ፦ ምን አልካት?

አራጋው፦ አንድ።

ትብለጥ፦ ተስፋ የሰጠሃት አንተ ነህ፤ ሰኞ የምትነግራትም አንተ ነህ።

አራጋው፦ እናቷን እንጠይቅ። እሷ ከፈቀደች እኔ ከጎኗ እቆማለሁ።

ትብለጥ፦ ጠዋት ጠይቄያታለሁ።

አራጋው፦ ምን አለች?

ትብለጥ፦ «እንዳትወጣብኝ እኔው መጥቼ ልለምንዎት ነበር» አለች። እፎይ ስትል አየኋት።

አራጋው፦ የዛሬውን አላየችም።

ትብለጥ፦ ዛሬ ምን አደረገች?

አራጋው፦ ማንንም ሳትይዝ ሁለቱን ወጣች። ሦስተኛው ብቻ ነው የቀራት።

ትብለጥ፦ መድረኩ ያለው እሱ ላይ ነው፣ አራጋው።

ሰኞ ጠዋት ጎማዎቹ በጋሪ ተጭነው ከግቢው ወጡ። በምረቃው ቀን አራጋው ሰልፉን እየመራ መድረኩ ላይ ወጣ፤ ሩሐማም ጋውኗን ለብሳ ከሥር አበባ ስትሰጥ ዋለች።